የመጀመሪያው ዳቦ ለምን ይደድራል? ርካሽ የቤት ዳቦ ለጀማሪ

ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ የጋገረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከላይ ነጣ ያለ፣ ከታች ያረረ፣ ሲቆርሱት ድድር ያለና ልቡ ሊጥ ሊጥ የሚል። ወዲያው እርሾው ይረገማል። ቀጥሎ ባለሱቁ። ሲብስም "የኔ እጅ ለዳቦ አይሆንም" ይባላል። በሚቀጥለው ጊዜ እርሾው በእጥፍ ይጨመራል፣ ስኳር ይታከላል፣ ወተትና እንቁላልም ይመጣል። ዳቦው ትንሽ ይሻሻል ይሆናል። ወጪው ግን ከዳቦ ቤቱ በልጦ ቁጭ ይላል።

አብዛኛው ዳቦ የሚደድረው እርሾ አንሶት አይደለም። ወይ ውሃ አንሶታል፣ ወይ ጊዜ አጥሮታል፣ ወይ ሁለቱም። ደግነቱ እነዚህ ሁለቱ ከዳቦ ግብዓት ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። ስለዚህ ዳቦውን የሚያሻሽለውና ወጪውን የሚቀንሰው መንገድ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ እርሾ ቀንሱ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ሊጡን አሳድሩት። ለምን እንደሚሠራ ካወቁት ደግሞ የምግብ አሠራር መሸምደድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የዳቦን ዋጋ በፍሬ መቁጠር ያታልላል። አንዱ ዳቦ ቤት ፍሬውን በአንድ ዋጋ፣ ሌላው በእጥፉ ሲሸጥ ርካሹ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሚዛን ብቻ ነው። አንድ ቀን የገዛችሁትን ዳቦ ሚዛን ላይ አስቀምጡትና የኪሎውን ዋጋ አስሉ። አንዳንዴ ያስደነግጣል።

አሁን የቤቱን እንይ። 1 ኪሎ ዱቄት ወደ 650 ሚሊ ሊትር ውሃና 20 ግራም ጨው ይወስዳል። ሊጡ 1,670 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲጋገር ከውሃው የተወሰነው ስለሚተን ከምጣድ የሚወጣው 1.4 ኪሎ ገደማ ዳቦ ነው። ከ1 ኪሎ ዱቄት 1.4 ኪሎ ዳቦ ማለት ነው። የጨመራችሁት ውሃ ዳቦ ሆኖ ይበላል። ጨውና እርሾው ሳንቲም ናቸው።

የሚረሳው መብራቱ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። 45 ደቂቃ ሙሉ ከበራ ከ2.5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ቆጣሪው ላይ ይሄዳል። ለአንዲት ትንሽ ዳቦ ብቻ ምጣድ ማሞቅ አያዋጣም። እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን፣ የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ምጣዱ ሞቆ እያለ ዳቦውን አስከትሉት። ኦቨን ካላችሁ ደግሞ ሁለት ዳቦ በአንዴ አስገቡ። ለአንድም ለሁለትም የሚበላው መብራት ያን ያህል አይለያይም።

እውነቱን ለመናገር፣ በአቅራቢያችሁ ድጎማ ያለበት ዳቦ በሰልፍም ቢሆን የሚገኝ ከሆነ በዋጋ ላትበልጡት ትችላላችሁ። በጥጋቡና በጣዕሙ ግን ትበልጡታላችሁ።

ዱቄቱና ውሃው ሲገናኙ

ስንዴ ውስጥ ግሉተኒንና ግሊያዲን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ዱቄቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ተኝተው ነው የሚቀመጡት። ውሃ ሲነካቸው ይያያዙና ግሉተን የሚባለውን የሚለጠጥ ነገር ይሠራሉ። እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው። ግሉተን ከሌለ አየሩ ሾልኮ ይወጣል፣ ዳቦውም አይነሳም። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እንጀራ ዓይን ያወጣል እንጂ እንደ ዳቦ አያብጥም። ስለዚህ ለቁጠባ ብላችሁ ስንዴውን በሌላ እህል ስትተኩ ልክ ይኑረው። የበቆሎ ወይም የገብስ ዱቄት ከአጠቃላዩ አንድ አምስተኛ ያህል ቢገባ ዳቦው ይችለዋል። ከዚያ በላይ ሲሄድ እየከበደ ይመጣል።

ሱቅ የሚሸጠው ነጩ ፉርኖ ዱቄት ለጀማሪ ይቀላል። ወፍጮ ቤት የተፈጨው ሙሉ ስንዴ ደግሞ ጣዕሙ ሌላ ነው። ግን ፉርሽካው፣ ማለትም የስንዴው ቅርፊት፣ ሁለት ነገር ያመጣል። ውሃ ይጠጣል፣ እንዲሁም ግሉተኑን እየቆራረጠ ያዳክመዋል። ስለዚህ የወፍጮ ዱቄት የሚጠቀም ሰው ውሃውን ከፍ ማድረግ አለበት። ለ500 ግራም ፉርኖ 330 ሚሊ ሊትር ውሃ ከበቃ፣ ለሙሉ ስንዴው 360 ወይም 370 ያስፈልጋል። ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ስምምነት ነው። ወይም ዱቄቱን በወንፊት አንዴ ነፋ ማድረግ።

ጀማሪን የሚጥለው ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል። ይጨንቃል። ዱቄት ይነሰነሳል። አሁንም ይጣበቃል፣ አሁንም ይነሰነሳል። በመጨረሻ እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ ድርቅ ያለ፣ የሚያምር ድቡልቡል ይወጣል። ያ ድቡልቡል ነው የሚደድረው። እርሾው ያንን ጠንካራ ሊጥ ገፍቶ ማንሳት አይችልም። መፍትሔው ዱቄት ሳይሆን መጠበቅ ነው። የሚጣበቀውን ሊጥ ሸፍናችሁ ለ20 ደቂቃ ዞር በሉ። ስትመለሱ ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ፣ ሊጡ ራሱ ሰብሰብ ብሎ ታገኙታላችሁ። እጃችሁን ደግሞ በውሃ አርጥቡት። እርጥብ እጅ ላይ ሊጥ አይጣበቅም።

እርሾና ጊዜ

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት አልኮል ያወጣል። አልኮሉ ሲጋገር ይተናል፣ ጋዙ ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል። ስኳር መጨመር ግዴታ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖች የዱቄቱን አብዛኛ ክፍል፣ ማለትም ስታርቹን፣ ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይቀይሩታል። እርሾው ምግቡን ራሱ ያገኛል። ጊዜ ይስጡት እንጂ።

እርሾው ሲበዛ ሊጡ በአንድ ሰዓት ያብጣል። ግን ጋዙ ብቻ ነው የፈጠነው። ጣዕሙ ገና አልመጣም፣ ግሉተኑም አልበሰለም። ዳቦው ሲወጣ እርሾ እርሾ ይሸታል፣ በማግስቱም ፍርክርክ ይላል። የፋብሪካ ዳቦ የሚሄድበት መንገድ ወደዚህ ይጠጋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ቾርሊዉድ በሚባል ቦታ የተሠራ ዘዴ አለ። በኃይለኛ ማሽን እየመቱ፣ እርሾውን ከፍ አድርገው፣ አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ጨምረው የዳቦውን የማቡካት ጊዜ በብዙ አሳጠሩት። ለፋብሪካ ጊዜ ገንዘብ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሌሊቱ በነጻ ነው የሚያልፈው።

ኒውዮርክ ዳቦ ቤት ያለው ጂም ሌሂ እ.ኤ.አ. በ2006 የታወቀው በተቃራኒው መንገድ ነው። ወደ 430 ግራም ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ብዙ ውሃ፣ ምንም ማሸት የለም፤ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ማሳደር ብቻ። ከዚያ ክዳን ባለው ከባድ ድስት ውስጥ መጋገር። ዓለም "ጉድ" አለ። የኛ እናቶች ግን ማታ ለውሰው፣ አሳድረው፣ ጠዋት በኮባ ሸፍነው ድፎ ሲደፉ ኖረዋል። ሳይንሱ ያው ነው። ሊጥ በቂ ውሃና በቂ ሰዓት ካገኘ ግሉተኑ ያለ ጉልበት ይያያዛል። ማሸት ጊዜን የሚተካ ጉልበት ነው፤ ጊዜ ካላችሁ ጉልበቱን መተው ትችላላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። "ለብ ያለ ውሃ" ሲባል ብዙ ሰው ትኩስ ይጨምራል። እርሾ 55 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መሞት ይጀምራል። ጣታችሁን ነክራችሁ ካቃጠላችሁ እርሾውንም ያቃጥለዋል። ለሚያድር ሊጥ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። የተከፈተ አሮጌ እርሾ ካጠራጠራችሁ በትንሽ ለብ ያለ ውሃና ቁንጥር ስኳር በጥብጡት። በ10 ደቂቃ አረፋ ካላወጣ ጣሉት። ዱቄት ከማባከን ይሻላል።

ከፍታው

የውጭ አገር አሠራር አይታችሁ በትክክል ተከትላችሁ ካልሆነላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ጋዙ በቀላሉ ይሰፋል፣ ሊጡም ቶሎ ኩፍ ይላል። አሠራሩ "ሁለት ሰዓት ጠብቁ" ቢልም እዚህ በአንድ ሰዓት ተኩል ሊያልቅለት ይችላል። ከዚያ ያልፍና ይወድቃል። ስለዚህ የውጭ አሠራር ላይ ያለውን እርሾ በሩብ ያህል ቀንሱት፣ ከሰዓቱም ይልቅ ሊጡን እዩ። እጥፍ ከሆነ ደርሷል፣ ሰዓቱ ምንም ይበል።

ውሃም እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የዳቦ ልብ ደግሞ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ መፍያው አያልፍም። "በቴርሞሜትር 96 እስኪደርስ ጋግሩ" የሚል ምክር አዲስ አበባ ላይ ዳቦውን ያደርቀዋል እንጂ 96 አያደርሰውም።

ጂዳ ወይም ዱባይ ያላችሁ በተቃራኒው ናችሁ። ከፍታው ችግር አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። 32 ዲግሪ ኩሽና ውስጥ የሚያድር ሊጥ ጠዋት ላይ ኮምጥጦና ቀጥኖ ነው የሚጠብቃችሁ። በፍሪጅ ውሃ ለውሱት፣ አንድ ሰዓት ውጭ አቆዩትና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ድሬዳዋም እንዲሁ።

እንሥራው

ማታ፣ ከእራት በኋላ። የ1 ኪሎ ዱቄት ግማሹን ማቡኪያ ወይም ሰፊ ሳህን ውስጥ ገልብጡ። ሚዛን ከሌለ ጥቅሉን በዓይን ግማሽ ማድረግ ይበቃል። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። እርሾው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ቢበዛ ከግማሽ ያልሞላ። አዎ፣ ያችን ብቻ። አንድ የ11 ግራም ፓኬት በዚህ አካሄድ ከሰባት በላይ ዳቦ ያወጣል። ጥቁር አዝሙድ ካላችሁ ጥቂት በትኑበት። ውሃው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ሦስተኛ ነው። ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ በእንጨት ማንኪያ ማማሰል። አያምርም፣ ጉብጉብ ይላል፣ ይጣበቃል። ተዉት።

ከ20 ደቂቃ በኋላ በረጠበ እጅ ከአንዱ ጠርዝ ያዙና ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ መሐሉ ላይ እጠፉት። ሳህኑን ዞር አድርጋችሁ በአራቱም በኩል እንዲሁ። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ልዩነቱ በእጃችሁ ይታወቃል። መጀመሪያ ስትስቡት ይበጠሳል፣ አራተኛው ላይ ሳይበጠስ ይለጠጣል፣ ላዩም ልስልስ ይላል። ግሉተን የሚባለውን ነገር በእጃችሁ ያያችሁት ያኔ ነው። በፌስታል ወይም በክዳን ሸፍኑትና ተኙ። አዲስ አበባ በሌሊት ብርዱ ልክ ነው፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።

ጠዋት እጥፍ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ዓይን ዓይን አውጥቶ ይጠብቃችኋል። ዱቄት የተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ገልብጡ፣ ጠርዞቹን ወደ መሐል ሰብስቡና ገልብጣችሁ አድቦልቡሉት። ዘይት በተቀባ ድስት ውስጥ ወይም ኮባ ላይ አስቀምጡትና ለአንድ ሰዓት ያህል ዳግም ኩፍ ይበል። መድረሱን ለማወቅ በዱቄት የተነካ ጣት ጫን አድርጉበት። ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ ተመልሶ ትንሽ ጎድጎድ ካለ ደርሷል። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። ያለፈበት ሊጥ አይጣልም፤ ጠፍጥፉትና እንደ አምባሻ ስስ አድርጋችሁ ጋግሩት። ይጣፍጣል።

እሳቱ

"እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት" የሚባለው ለተጨነቀ ሰው ነው። ለዳቦው ግን ችግሩ ከታች ብቻ እሳት መሆኑ ነው። ምጣድ ላይ ታቹ የሚያርረውና ላዩ ነጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኮባውና ክዳኑ እዚህ ላይ ነው ሥራቸው። ኮባው ሙቀቱ በቀጥታ እንዳይመታው ይከልላል፣ ከላይ ያለው ደግሞ እንፋሎቱን ያፍናል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ላዩ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ዳቦው እንደልቡ ይነሳል። ቅርፊቱ ቶሎ ከደረቀ ግን ውስጡ ሊሰፋ ሲል ይታፈናል፣ ወይ በጎን ፈንድቶ ይወጣል።

በምጣድ ከሆነ ሊጡን ከአራት ጣት በላይ አታወፍሩት። ኮባ ከታች፣ ኮባ ከላይ፣ ከዚያ የምጣዱ ክዳን። ኮባ ከሌለ የሙዝ ቅጠል ይሆናል። ምጣዱ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቀንሱት። መቀነሻ የሌለው ከሆነ እያጠፋችሁ አብሩት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሲሆን ጠርዙን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ታቹ ቡናማ ከሆነ በሰፌድ ገልብጡት። ሌላ 15 ወይም 20 ደቂቃ።

ኦቨን ካለ ብረት ድስት ከነክዳኑ ከሁሉም ይሻላል። የክዳኑ እጀታ ፕላስቲክ እንዳይሆን ብቻ እዩ። አብዛኛው አሠራር ባዶውን ድስት ለግማሽ ሰዓት አሙቁ ይላል። ለቁጠባ ግን ሊጡ ያለበትን ድስት በቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ አስገብቶ 230 ዲግሪ ማብራት ይቻላል። ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ተከድኖ፣ ከዚያ ክዳኑን አንስቶ ሌላ 10 ወይም 15 ደቂቃ። ቅርፊቱ ባለሙያ ከጋገረው በጥቂቱ ያንሳል። መብራቱ ላይ ግን ያንን ሁሉ የማሞቂያ ጊዜ አትርፋችኋል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ፤ የሞቀ ብረት ድስት ለጥቂት ጊዜ ራሱ ያበስላል።

የበሰለ ዳቦ ታቹን በጣት ሲቆረቁሩት ባዶ ነገር እንደመምታት ያስተጋባል። ያልበሰለው ደፈን ያለ ድምፅ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ከሁሉም የሚከብደው መታገሥ ነው። ትኩስ ዳቦ ውስጡ ገና እየበሰለ ነው፣ እንፋሎቱም አልወጣም። ወዲያው ከቆረሳችሁት በደንብ የበሰለውም ሊጥ ሊጥ ይላል። ቢያንስ 45 ደቂቃ ስጡት። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ መልካም ዕድል።

ለሚቀጥለው ማስቀረት

ሊጡን ጠዋት ከማድቦልቦላችሁ በፊት አንድ ጭብጥ ቆርሳችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀሩ። በሦስት አራት ቀን ውስጥ ለሚቀጥለው ዳቦ እርሾ ይሆናል። ውሃው ውስጥ በጥብጡትና ዱቄቱን ጨምሩ፣ ሌላ እርሾ ወይ አያስፈልግም ወይ ቁንጥር ይበቃል። ጣዕሙ በየዙሩ እየጎላ ይመጣል፣ ትንሽም ኮምጠጥ ይላል። የጤፍ እርሾ ያለው ቤትም ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ከዚያ መውሰድ ይችላል። በውስጡ እርሾም ላክቲክ አሲድ የሚያወጡ ባክቴሪያዎችም አሉ። ግን ዝግ ይላል፣ ሰዓቱን አስረዝሙለት።

የተረፈውን ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ። ዳቦ የሚጠነክረው ውሃው ስለደረቀ ብቻ አይደለም። የበሰለው ስታርች እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተመልሶ ስለሚጠነክር ነው። ይኼ ደግሞ ከሁሉ የሚፈጥነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ለሁለት ቀን የሚሆነውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ውጭ ተዉት። ከዚያ የሚያልፈውን ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፣ እዚያ ስታርቹ ባለበት ይቆማል። ስትፈልጉ አውጥታችሁ በምጣድ ወይም በመጥበሻ ላይ ሞቅ ሞቅ ማድረግ ነው። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ያ የጠነከረው ስታርች ይፈታና ዳቦው ለጥቂት ጊዜ እንደ አዲስ ይለሰልሳል።